የጽዋ ጠላና የሚኒባስ መሪ

ሠርካለም ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ አጎቷ ጋሽ አያሌው የጊዮርጊስን ጽዋ ጠጥተው ከማኅበሩ ቤት ሲወጡ አገኘቻቸው። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። ማኅበርተኞቹን በሚኒባሳቸው ጭነው ወደየቤታቸው፣ ወደ ገሳይ ሊነዱ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ የሚተዳደረው በእሳቸው መንጃ ፈቃድ ነውና ልጅቱ የመኪናው በር ላይ ተገትራ ቆመች።

«ጋሼ፣ ስንት ዋንጫ ጠጡ?»

«ዋንጫ አትበይ፣ ጽዋ በይ! አባ የባረኩት ጠላ አያሰክርም።»

«ትራፊኩ ሲያስተነፍስዎት መሣሪያው ‹ይሄስ የጊዮርጊስ ነው› ብሎ ያሳልፍዎታል?»

ከመኪናው ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ጋሽ አያሌው ግን በሳቅ የሚበገሩ ሰው አይደሉም።

«እሺ ይያዙኝ! እስከ ዛሬ አንድ ጥፋት የለብኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ብለው፣ መክረው ይለቁኛል።»

«ማን ነገረዎት? ትምህርት ቤታችን መጥቶ ያስተማረን ፖሊስ እንዲህ አላለም። የመጀመሪያም ቢሆን ይቀጣሉ፣ መንጃ ፈቃድዎ ይያዛል፣ ጥፋቱም ይመዘገባል። ሲደገም ይብሳል። ሰው ቢገጩማ ፍርድ ቤት ነው፤ ‹ሞቅ ብሎኝ ነበር› ማለት እስራቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።»

«እኔ እኮ ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ!»

«እሱን አይደል የፈራሁት፣ እንዳይጨፍኑ!»

ሰውዬው ክፉ ሆነው አይደለም። ጠላ ግን ከእግር በፊት የሚያንገዳግደው ማመዛዘንን ነው፤ የጠጣ ሰው ‹ደህና ነኝ› ሲል የሚመሰክረው ያው የሰከረው ራሱ ነው። ጋሽ አያሌውም ሌላ ምስክር ፍለጋ ወደ ኋላ ወንበር ዞሩ።

«አባ ትንሣኤ፣ እስቲ ይንገሯት! ጠላውን ባርከውት የለም?»

«ባርኬዋለሁ» አሉ አባ በትራቸውን እያነሡ። «መሪውን ባርክ ያለኝ ግን የለም።» ብለው ወረዱ። ከማኅበርተኞቹ እቴ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ተከተሉ፤ ከዚያ ሌላው ሁሉ ተግተልትሎ ወረደ።

ጋሽ አያሌው ባዶውን መኪና አዩት። አንገታቸውን አከኩ።

«እውነት ለመጀመሪያ ጊዜም ይይዙታል? መንጃ ፈቃዱን?»

«ይይዙታል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?»

«ይኸው እኔም የምለው!»

ቁልፉን መዳፏ ላይ ጣሉት። «በይ እንቺ፤ አንቺ ደግሞ እንዳትነጂው!»

ያን ቀን ጠላ ያልቀመሰው ሾፌር ጎረቤታቸው ባዩ ተጠራ። ማኅበሩም እዚያው በቆመበት፣ ከእንግዲህ ሾፌር የሆነ ሁሉ በጠላ ፈንታ የማያሰክር ብርዝ እንዲቀዳለት ወሰነ። መንጃ ፈቃዱ ኪስ ውስጥ ቀረ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ በደህና ገባ።

ከሁሉ የተደሰቱት ግን ጋሽ አያሌው ናቸው። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ገሳይ እስኪደርሱ ዝማሬውን እያጨበጨቡ መሩት።

«ጉድ እኮ ነው!» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ። «ለካ እናንተ እንዲህ ስትደሰቱ ኖራችሁ፣ እኔ የማየው ጉድጓድ ብቻ!»