ኤምአርአይ ክፍል የገባው ወረብ

ዲያቆኑ ልጄ አንኮበር ኳስ ሲጫወት ወድቆ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና ደብረ ብርሃን ኤምአርአይ ታዘዘለት። ሐኪሙ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘበትን ቦታ በምስሉ ለይቶ አዲሱን እዚያው ሊተክል ነው። «ቦታው ከተሳተ ጉልበቱ አይጸናም» ስላለኝ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጸሎቴን ያዝኩ። ጥቂት ቆይቶ ምስል የሚያነሳው ልጅ ወጣና፣ «እማማ፣ ምስሉ ተበላሸ፤ ልጅዎ እግሩን አላሳርፍ አለ። የማሽኑ ጩኸት እንዳያስደነግጠው ብዬ እኮ በጆሮ ማዳመጫ ወረብ ከፍቼለታለሁ» አለኝ። «ልጄ፣ ከበሮ እየሰማ ዝም ብሎ የሚተኛ ዲያቆን የት አየህ? አጥፋውና ጩኸቱን ራሱን ይስማ» አልኩት።

ሁለተኛው ምስል ጥርት ብሎ ወጣ። ሐኪሙ አንዲት ነጥብ እያሳየን፣ «ቦታው ይኸው፤ እዚህ እንተክለዋለን። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ለጊዜው በክራንች ነው የሚሄደው፤ ግዙለት» አለ። ልጄ ሳቅ ብሎ፣ «ዶክተር፣ ክራንች ምን ያደርግልኛል? የማኅሌት መቋሚያዬ አለልኝ» አለው። «እሱን ይዘህማ ማሸብሸብህ አይቀርም!» አለ ሐኪሙ። እኔም ለሐኪሙ ፈረድኩ፤ መቋሚያውን እስኪድን ድረስ ለመሪጌታው በአደራ ሰጠሁት።