ወደ ላይ ብቻ የሚባል ምስጋና

አቻምየለሽን አንድ ነገር ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሆዷን ሲበላት ኖሯል። ባሏ ገነነ በልቶ ሲጠግብ አንገቱን ወደ ጣራው ቀና ያደርግና «ተመስገን ጌታዬ!» ይላል። ከዚያ እጁን ይታጠባል፤ ጋቢውን ይደርባል፤ ይወጣል። ውሃውን ያፈሰሰችለትን ሴት ዞር ብሎ አያያትም። አንድ ቀን እንኳ «እጅሽ ይባረክ» ሳይላት አምና በነሐሴ ሞተ። ቀባሪው ሁሉ «ደግ ሰው፣ አመስጋኝ ሰው» እያለ ሲያለቅስ፣ እሷ ያለቀሰችው በንዴት ነበር። ከሙት ምን ይጠየቃል?

በጥር መግቢያ ከቡሬ ገበያ ስትመለስ፣ ባጃጅ መጠበቂያው ላይ የወንድሟን ልጅ ትሕትናን አገኘቻት። ትሕትና ፍኖተ ሰላም ተምራ እዚያው ነርስ ሆና የምትሠራ ልጅ ናት።

«እንዴት ዋሉ አክስቴ? ቤቱ፣ ከብቱ፣ ልጅዎ ክንዱስ ደህና ነው?»

«ተመስገን፣ ደህና ነን» አለች አቻምየለሽ፣ ሬት የቀመሰች መስላ።

ትሕትና ሳቀች። «አፍዎ ያመሰግናል፣ ፊትዎ ይከሳል። የቱን ልመን?»

«ፊቴን እመኝ! ያቺ የልጄ ሚስት፣ አምለሰት፣ የበርበሬው ሥራ ሲያልቅ አባቴ ቤት እሄዳለሁ ብላ ልብሷን ቋጥራ ግድግዳው ላይ ሰቅላለች። ምን ጎደላት? ጥጋብ እኮ ነው! እኔ ሃያ አራት ዓመት ከባሌ አንዲት መልካም ቃል ሳልሰማ ስኖር ልብሴን ቋጠርሁ?»

«አይቆጡኝና ልጠይቅዎ። ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?»

«ሽሮ ነዋ! ሌላ ምን ሊኖር?»

«ማን ሠራው?»

«አምለሰት።»

«በልተው ሲነሡ ምን አሉ?»

«ተመስገን አልኋ! እግዜርን ሳላመሰግን የምነሣ አረመኔ ነኝ እንዴ?»

«አምለሰትንስ?»

አቻምየለሽ በዚያች ሰዓት ባጃጁ ቢመጣላት በወደደች። አልመጣም።

«እሷማ ሥራዋ ነው» አለች በመጨረሻ። «ደግሞ ሰውን ፊት ለፊት ማመስገን ያባልጋል። እናቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም።»

«ጋሼ ገነነም እንዲህ ብለው ይሆናላ ዝም ያሉዎት?»

«አንቺ! ሙት አትጥሪብኝ!»

«ይቅርታ አክስቴ፤ ግን እሳቸው የነፈጉዎትን እርስዎ ለአምለሰት እያወረሱ ነው። እርስዎን ሲያቃጥል የኖረ፣ እሷን ያበርዳታል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ከሦስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ እንደ እናንተ ማውራት አልችልበትም።»

«ይኸ ትምህርት አይፈልግም። ከመጉረስዎ በፊት ትንሽ ቆም ይበሉ። እህሉን ይዩት፤ በማን እጅ አልፎ እንደመጣ ልብ ይበሉ። እጁን ካዩት ቃሉ ራሱ ይመጣል። ልቡ ትናንት ላይ የተቸነከረ ሰው፣ የዛሬው እንጀራ አይጣፍጠውም።»

«የነርስ ስብከት!» አለችና አቻምየለሽ በወጉ እንኳ ሳትሰናበት፣ ያኔ ገና የደረሰው ባጃጅ ውስጥ ገባች።

እውነተኛ ምክር እንደ ኮሶ ነው፤ ሲጠጡት ያንገፈግፋል፣ የሚሠራው ግን ቤት ከገቡ በኋላ ነው።

ቤት ስትደርስ አምለሰት ደጅ ተቀምጣ ዛላ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ተነሥታ ምሳ አቀረበችላት። አቻምየለሽ ልትጎርስ ስትል እጇ ቆመ። ቀዩን ወጥ አየችው። ቀና ስትል ወጡን ያቀረበውን እጅ አየችው፤ ጣቶቹ አብጠዋል፣ ቆዳው ተልጧል፣ በርበሬው ያንገበገበው ላይ ቅቤ ተቀብቷል። ይህ እጅ ሦስት ዓመት ፊቷ ሲመላለስ ኖሯል፤ አይታው አታውቅም።

በልታ ስትጨርስ አንገቷ እንደ ልማዱ ወደ ጣራው ቀና አለ። «ተመስገን» አለች። ከዚያ አንገቷን በግድ ወደ ጎን መለሰችው፤ የዛገ በር የመዝጋት ያህል ከበዳት።

«አምለሰት። እጅሽ ይባረክ።»

አምለሰት የውሃውን ጆግ እንደያዘች ደረቀች።

«እማማ… ምን አጠፋሁ?»

ከገነነ የሃያ አራት ዓመት ዝምታ ይልቅ ይህች ጥያቄ አቻምየለሽን ወጋቻት። በዚህ ቤት ቀና ቃል ከመጥፋቱ የተነሣ፣ ሲመጣ የቁጣ መግቢያ ይመስላል ማለት ነው።

«አንቺስ ምንም አላጠፋሽም። ያጠፋሁ እኔ ነኝ። እጅሽን ገና ዛሬ አየሁት።»

አምለሰት እሄዳለሁም፣ አልሄድምም አላለች። የሦስት ዓመት ዝምታ በአንድ ቃል አይታጠብም። አቻምየለሽ ግን እልኸኛ ናትና በማግስቱም ደገመችው፣ በሠልስቱም። ክንዱ ከእናቱ አፍ ሰምቶ ለሚስቱ ይለው ጀመር። ሽሮው ያው ሽሮ ሳለ ጣዕሙ ተለየ፤ ከሆድ ውስጥ ቂም ሲቀንስ ለእህል ቦታ ይገኛልና። ባሏ የነፈጋት ቃል ዛሬም ይቆጠቁጣታል፤ እሱን የሚመልስላት የለም። ያጣችውን ለሌላ መንፈግን ግን ተወች።

በጥር ማብቂያ በርበሬው አለቀ። ቋጠሮው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። አቻምየለሽ «አትሂጂ» ብላ አልለመነችም። የቅቤውን ቅል ይዛ አምለሰት አጠገብ ተቀመጠችና ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ አሥሩንም እያየች ቀባቻት።

በማግስቱ ቋጠሮውን ያወረደችው አምለሰት ራሷ ናት። ፈታችው፤ ልብሶቿን አጥባ አጥሩ ላይ አሰጣቻቸው።