ሱን ማለት መቼ ነው?

ሐኒዬ፣ ልብስሽን ወደ እኔ ደጅ አምጥተሽ አስጪው እንጂ፣ እዚያ ጥላ ነው። የዘንድሮ የአሶሳ ዝናብ እንደሁ ሳይታሰብ ነው የሚወርደው። ማንጎም ውሰጂ፣ ወዳጄ ኢቲዳል ከሆሞሻ ያመጣችልኝ ነው... ለጎረቤትሽ ለመምህሩ ግን አታካፍዪው። እሱ ለበሰለ ነገር አይቸኩልም፣ እስኪወድቅ ቆሞ ማየት ነው የሚወደው።

ጨዋ ልጅ ነው ደግሞ። ስንት ተከራይ አሳልፌያለሁ፣ እንደሱ አንደበቱ የታረመ አላየሁም። እኔን እንኳ በስተርጅና እንግሊዝኛ አስተማረኝ። የወንድሜን ልጅ ስርጉትን እንደሚወዳት ሲነግረኝ፣ «ታዲያ ለአባቷ ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» አልኩት። «ሱን፣ እትዬ ሰገነት፣ ሱን» አለኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «በቅርቡ» አለኝ። ካቻምና ለፋሲካ ነው ይሄ... የእንግሊዞቹ ቅርብ ከኛ ሩቅ ትንሽ ራቅ ይላል መሰለኝ።

ፓዌ ያለው ወንድሜ ምንይችል የዋህ ነው፣ በቅርቡ ሲባል ቅርብ መሰለው። ጠላ አስጠመቀ፣ በግ አሰረ። ጠላውን ጎረቤት ጠጣው፣ በጉን ለገና አረዱት። ይሁን... የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ያልቸኮለው ምን እንደሚለቅም ግን እስካሁን አልሰማሁም። አንቺ ሰምተሻል?

«ሽማግሌ የምልከው ዘመድ እዚህ አገር የለኝም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ ሰው ማን አለው? ጋሽ ዲሳሳ ከባምባሲ ድረስ መጥተው «እኔ አለሁልህ» ቢሉት፣ በዚህ ሙቀት ካፖርት ደርበው ቢጠብቁት፣ እሱም ዘመድ ይባላል እንዴ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል... የእኛው ገና ጉልበቱን እያጠና ነው።

ምነው፣ የመምህሩ ሬዲዮ ዝም አለ? መብራት ጠፋበት እንዴ? የኔስ በርቷል።

ብቻ ትናንት ምንይችል ደወለልኝ። ደባልቄ የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮበታል። ምስኪን፣ እንግሊዝኛ አያውቅ፣ ነገር ማሳመር የት ይችልበታል? ዝም ብሎ ላካቸው። ወንድሜም መልሱን ለእሁድ ቀጠራቸው። ሱን አላላቸውም፣ እሁድ ነው ያላቸው። ልጅቷ ደግሞ «እስከ ቅዳሜ ልጠብቀው» ብላ አለቀሰች አለኝ። አንጀቴን በላችው። ዛሬ ሐሙስ አይደል? ነገ በማለዳ መኪና የያዘ ሰው ለቅዳሜ ፓዌ ይደርሳል... እኔ ማንንም አላልኩም፣ ስለ መኪናው ነው የማወራው።

ለማንኛውም መምህራችንን ፈጣሪ ይባርክልን፣ ከዚህ ክልልም አያርቅብን። አሜን በይ እንጂ፣ ሐኒ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠውና፣ ክፍል ገብቶ «ምንያህል ደባልቄ» እያለ ስም እየጠራ፣ የስርጉትን ልጆች እንግሊዝኛ ለማስተማር ያብቃው።