የካኪያይ ገውዝና የራይና ጎደሬ

ከዓስር ሶላት ወጥቼ ወደ ቤቴ ሳዘግም ሽማግሌውን ካኪያይን ከገውዝ ማሳቸው ጥግ አገኘኋቸው። ከምራታቸው ከራይና ጋር አንድ መቆፈሪያ ወዲያና ወዲህ ይዘው ቆመዋል። እሷ ልትቆፍር መጥታለች፣ እሳቸው ሊያስጥሏት። እኔ ገላጋይነት አልወድም፤ በመጨረሻ ሁለቱም ወገን የሚቀየመው ገላጋዩን ነው። ይሁን እንጂ ራይና በነጋዴዎቹ ከተማ በማካሳር ከአጎቷ ዘንድ ተምራ ያደገች ሴት ናትና ክርክሯን ለመስማት ስል ቆምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴታችን ገውዝ ከሚባለው የቅመም ፍሬ በቀር ሌላ አታበቅልም፤ ወይም አታበቅልም እያልን ኖረናል። ሩዛችን ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። እንግሊዞችና ሆላንዶች በገውዛችን ከተጣሉ ወዲህ ግን የሆላንዶቹ መርከቦች ገውዙ ለእኛ ብቻ ነው የሚሸጠው ብለው መግቢያውን ዘጉት። እንግሊዞቹም በበኩላቸው ለእኛ ነው ብለው፣ በቶሎ እንመለሳለን ብለው ሄዱ። የካኪያይ አንድ ልጅ፣ የራይና ባል ላሙዲን፣ መንገድ መሪ ሆኖ አብሯቸው ተሳፈረ። ከዚያ ወዲህ ወሬውም የለ። ሩዙ አልቆ የራይና ትንሽ ልጅ ፊቷ ገርጥቷል።

ራይና የምትለው በላይኛው እርከን ያሉት ዛፎች ይቆረጡና ጎደሬ ይተከልበት ነው። እነዚያን ዛፎች የተከላቸው ደግሞ ላሙዲን ነበር።

«ለእንግሊዞቹ መርከብ አዛዥ የገውዝ ችግኝ ከነአፈሩ ሰጥቼዋለሁ» አሉኝ ካኪያይ ወደ እኔ ዞረው። «በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ። የሰው አፈር የተቀበለ ሰው በዚያው ይቀራል እንዴ? እስቲ መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱ።»

«አባቴ፣ የማዶው ደሴት ሰዎች ደግሞ ገውዛቸውን ሊሸጡ ለሆላንዶቹ ፈርመዋል» አለች ራይና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንደኛው ችግኝ ይዟል፣ ሌላኛው ወረቀት። ምን እንደምንበላ የጠየቀን ግን ማን አለ?»

«ማካሳር ያስተማረችሽ ዛፍ መቁረጥ ነው?»

«ማካሳር ያየሁትማ ነጋዴው ከጓሮው በልቶ ገበያ ሲወጣ ነው። ስለማይርበው እስኪመሽ በዋጋ ይከራከራል። እኛ መርከብ በመጣ ቁጥር ሩዝ ሩዝ እያልን ነው የምንሮጠው። ታዲያ እንዲህ ሆነን ማን ዋጋችንን ይጠይቀናል?»

እውነቷን ነው አልኩ በሆዴ። አፌ ግን አልታዘዘልኝም፤ የሽማግሌው እጅ የዛፉን ግንድ ይዳብስ ነበርና። ልጃቸው የተከለውን ዛፍ እንደ ልጃቸው ትከሻ ነው የያዙት።

«ሲመጣ ዛፎቹን ቢያጣስ?» አሉ።

ለራይናም ባሏ ነው፤ ናፍቆቱ ከእሳቸው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። መቆፈሪያውን ለቀቀችላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ሸራ ታየ። አንድ የእንግሊዞች መርከብ በሆላንዶቹ መካከል ሾልኮ ገባ። ካኪያይ የኢድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከገውዛቸው ምርጥ ምርጡን በቅርጫት ይዘው ወረዱ። ራይና የልጇን እጅ ይዛ ተከተለች። ፀጉሯን በኮኮናት ዘይት ተቀብታ አበጥራለች።

ከጀልባው የወረዱት ሰዎች ጉንጫቸው የጎደጎደ፣ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ነበር። አዛዡ ሌላ ሰው ነው፤ ስለ ችግኙ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ ላሙዲን ስንጠይቅ፣ ጃዋ ደሴት ላይ ወደ ሌላ መርከብ ተዛውሯል፣ ከዚያ ወዲህ አላየነውም አለ። ካኪያይ ቅርጫቱን ዘርግተው ሩዝ እንዳመጣ ጠየቁት። ሰውዬው ቅርጫቱን አይቶ አንገቱን ደፋ።

«እኛ ራሳችን የሚበላ ፍለጋ ነው የመጣነው፣ አባት። ገውዙ ይቆየንና ሩዝ አላችሁ?»

አንዱ መርከበኛ ከቅርጫቱ አንድ ፍሬ አንስቶ ነከሰና ተፋው። ካኪያይ ቅርጫታቸውን አንስተው ወደ ዳገቱ ዞሩ።

ዳገቱን ወጥተን እርከኑ ጋ ስንደርስ ራይና ቆመች።

«አባቴ፣ ላሙዲንም እንደ እነሱ ሆኖ ነው የሚመጣው። የዚያን ቀን ምን እናቀርብለት? ገውዝ?»

በማግስቱ ጠዋት የመጥረቢያ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ፣ የሚቆርጡት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል፣ እጃቸው ግን አላረፈም። ራይና ስትደርስ፣ «አንዱን ብቻ ተዪልኝ፤ ከሥሩ ቁጭ ብዬ ባሕሩን የማይበት» አሏት።

«እሱንስ ይተዉት፣ አባቴ። እኔስ የት እቀመጣለሁ?» አለች።

ጎደሬው በዝናቡ ወራት ቅጠሉን ዘርግቶ እርከኑን ሸፈነው። ዛፉ ሲቆረጥ አይተው የሳቁ ጎረቤቶችም መጥተው የጎደሬ ችግኝ ለመኑ፤ እኔም ከለማኞቹ አንዱ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ መርከብ መልሕቅ ሲጥል እየሮጥን አንወርድም፤ ነጋዴዎቹ ራሳቸው እያለከለኩ ዳገቱን ይወጣሉ። የእንግሊዝም ይሁን የሆላንድ፣ ዋጋው ካልጣመን ገውዛችንን ይዘን እንገባለን። በገዛ ጓሮው የሚበላ ሰው እንቢ ማለት እንደሚችል ለተማሪዎቼ የማስተምረው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ላሙዲን እስከ ዛሬ አልመጣም። ካኪያይና ራይና ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚያች አንዲት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። እራት ሲቀርብ ሽማግሌው የልጃቸውን ድርሻ ራሳቸው አውጥተው፣ ከድነው ያስቀምጡለታል። ጠዋት ልጅቱ ትበላዋለች፤ ጉንጯ ሞልቷል።