«ስንት ናቸው?» ብሎ ለሚጠይቀው ሰው

እስቲ ወንበር መጎተቱን ተዉትና አንዴ ስሙኝ። ሥራዬ ስልክ ማንሣት ስለሆነ ሰው ፊት ቆሜ ማውራት አልለመድኩም። ከተርበተበትኩ «እባክዎ መስመር ላይ ይጠብቁ» ብዬ ልዘጋባችሁ እችላለሁ።

ጋሼ፣ መጀመሪያ የመጡ ዕለት እኔ እዚህ አልነበርኩም። ግን ዘበኛችን ያልነገረኝ ቀን የለም። ረጅም ጥቁር ሣጥን ትከሻዎ ላይ አንግተው በሩ ላይ ይደርሳሉ። ዘበኛው ሣጥኑን አየት አደረገና፣ «ሙዚቀኛ ከሆንክ የሰርግ አዳራሹ ማዶ ነው» አለዎት። «ሙዚቀኛ አይደለሁም፣ ተኳሽ ነኝ» ሲሉት ጭራሽ በሩን ቀረቀረው። ምን ያድርግ? ተኳሽ ነኝ እያለ የሚያንኳኳን ሰው ማን ያስገባል! የእንስሳት ቁጥጥር ክፍል አዲሱ ሠራተኛ እስከ ምሳ ሰዓት ፀሐይ ሲመታው ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ መጣ። አንድ ፀጉር ቤት ጣሪያ ላይ ነብር ወጥቷል ተባለ። ጋሼ መሰላሉን ወጡ፣ ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ ግንባራቸው ተቧጥጦ ወረዱ። «ነብሩስ?» ሲሏቸው፣ «ድመት ነው» አሉ። ጌታ የሌለው፣ አንድ ጆሮው የተበጣ ወፍራም ቀይ ድመት! የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌ ለመወጋት ሲመላለሱ፣ የሂሳብ ክፍል ሠራተኛዋ «ነብር ገዳይ» ብላ ስም አወጣችላቸው።

ያ ስም አልበረከተም። አሁን ሁላችሁም «ጋሽ ስንት» ነው የምትሏቸው። አዲሶቹማ ቆጥቋጣ ስለሆኑ የተሰየሙ ይመስላችኋል አሉ። ጋሼ «ስንት ናቸው?» ሳይሉ አንድ እርምጃ አይራመዱም። እባብ ገባብኝ ላለ፣ «ስንት ናቸው?» ጣሪያዬ ውስጥ ድመት ወለደችብኝ ላለም ያው ነው። ሰውየው መልስ ከሰጠ በኋላ እንደገና ይጠይቁታል። ከዚያ ያቺን ተጣጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ እግራቸውን አነባብረው ግቢውን ሲያዩ ይቆያሉ። ባለቤቱ ይበሳጫል፣ ሾፌሩ ያዛጋል፣ እሳቸው ያያሉ። የሂሳብ ክፍል ሠራተኛዋ የወለደች ጊዜ ስልኩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ሳይጨርሱ፣ «ስንት ናቸው?» አሏት። «አንድ ነው፣ ጋሼ።» «እርግጠኛ ነሽ? ሐኪሙ ደህና አድርጎ አይቶሻል?» ባሏ እኮ ተነሥቶ ሐኪሙን ሊጠይቅ ነበር!

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። ግን አዲሶቹ ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ አታውቁም፣ የምናውቀውም አናወራውም። ነገ ጠዋት ጋሼ ዕቃቸውን ጭነው ልጃቸው ወዳለችበት ሩቅ ከተማ ይሄዳሉ። ስለዚህ ዛሬ መናገር አለብኝ። ጋሼ፣ አንገትዎን አይድፉ። እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። አንዲት ሴትዮ በሹክሹክታ፣ «ጎረቤታችን ግቢ አውሬ አለ። ውሻችን ከጠፋ ሰንብቷል» አለችኝ። እንዲህ ያለ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ድመት ሆኖ ነው የሚያልቀው። ያን ቀን ግን ታይገር ነበር። በአገራችን አንድም ጫካ ውስጥ የሌለ፣ ባለ ጥቁር መስመር ግዙፍ የነብር ዘመድ ነው። ባለ ግቢው ገና ጡት ሳትጥል ከባሕር ማዶ በድብቅ አስመጥቷት፣ ልደት በመጣ ቁጥር እንግዶቹ አቅፈው ፎቶ ይነሡባት ነበር። ስታድግ የሚያቅፋት ጠፋ።

ጋሼና የእንስሳት ሐኪማችን ዶክተሯ ከዚያን ጊዜው ሾፌራችን ጋር ሄዱ። ሾፌሩ ወንድሜ ነው። እዚህ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው።

ባለ ግቢው በር ላይ ቆሞ፣ «አንዲት ናት፣ ለማዳ ናት፣ ከእጄ ነው የምትበላው» አለ። ጋሼ፣ «ሌላ የለም?» አሉት። «የለም አልኩህ እኮ!» አለ ሰውየው። እሺ አሉ። የማደንዘዣውን መርፌ ተኮሱ፣ ታይገሯ ተንገዳግዳ ተኛች። ወንድሜ መሸከሚያውን ሸራ ይዞ ገባ። ሁለተኛዋ የጄኔሬተሩ ክፍል ውስጥ ነበረች። ከኋላው ነው የመጣችበት።

ጋሼ ያቺን በጥይት ጣሏት። ለወንድሜ ግን አልደረሱለትም። ዶክተሯ መሪውን ያዘች፣ ጋሼ ከኋላ ወንድሜን ታቅፈው ተቀመጡ። ሆስፒታል ሲደርሱ ነፍሱ ወጥቶ ነበር፤ ነርሶቹ እጃቸውን ሊያስለቅቋቸው አልቻሉም። ባለ ግቢው ፍርድ ቤት ቀርቦ ምን አለ መሰላችሁ? «አንዷን ሰጥቼ አንዷን ላስቀር ብዬ ነው፣ ብዙ ደክሜባታለሁ» አለ። ዳኛ ፊት ቆሞ፣ እናቴ እየሰማች።

የተኛችው ታይገር ደግሞ ነቃች። ባለ ግቢው ጥፍሯን አስነቅሎታል፣ ጥርሷን አስሞርዶታል። አደን አታውቅ፣ ጫካ አታውቅ። ጋሼ ያልደወሉበት አገር የለም፤ መስመሩን የማገናኝላቸው እኔ ነበርኩ። የዘሮቿ አገር ሰዎች «እዚህ ብትለቀቅ በረሃብ ትሞታለች፣ ለማኖር ደግሞ ቦታ የለንም» አሉ። ሌሎቹም ሞልቶብናል አሉ። እኔ እየሰማሁ በልቤ «ይግደሏት፣ ይግደሏት» እል ነበር። መጨረሻ ላይ በመርፌ እንድትሞት ተወሰነ። ስትሞት ለማየት ሄድኩ። ጋሼ አላባረሩኝም። ከአጥሩ አጠገብ ወንበራቸውን ሰጡኝና፣ «ቁጭ በይ እህቴ። ሲያልቅ ቀለል የሚልሽ እንዳይመስልሽ። ግን ብቻሽን አታይም» አሉኝ። ዶክተሯ መርፌውን ወጋቻት። ታይገሯ ጭንቅላቷን መዳፏ ላይ አሳርፋ ተኛች፣ ቤት ውስጥ እንደሚተኛ ማንኛውም ድመት። እውነትም አልቀለለኝም። እስከ ዛሬ አልቀለለኝም። እሷ እዚህ አገር ልምጣ ብላ አልመጣችም፤ ወንድሜም በአውሬ እጅ ልሙት ብሎ አልተወለደም።

ከዚያ ወዲህ ነው ጋሼ ሰው ሁሉ እስኪሰለቸው የሚጠይቁት። ባለፈው ክረምት አንድ ቤት ሄደው ሴትዮዋ የአንበሳ ደቦል አለኝ፣ አንድ ነው አለች። ጠየቋት፣ አንድ ነው። ደግመው ጠየቋት፣ ተቆጣች። እንደገና ሲጠይቁ የቤቱ ሠራተኛ አላስችል ብሏት፣ «እናቱ መታጠቢያ ቤት ተዘግቶባታል» አለች። የመታጠቢያ ቤቱን በር ሊከፍት እጁን እጀታው ላይ አድርጎ የነበረው ሰው፣ ያው እዚያ ኬኩ አጠገብ ተቀምጧል። ቤት ሚስትና ሕፃን አለው። ለዚህ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ። በእሱም በሚስቱም ስም።

አሁን ደግሞ የግሌን ልናገር። ከወንድሜ ቀብር ወዲህ ጋሼ የቤታችንን ደጃፍ አልፈው አያውቁም። ዘይትና ሳሙና ለሰፈራችን ዘበኛ ሰጥተው ይሄዳሉ። የአጥሩን በር መብራት ሲቃጠል ይቀይራሉ። እናቴ በመስኮት ታያቸዋለች። «ይግቡ እንጂ» ስላቸው፣ «በምን ዓይኔ አያታለሁ? አንዴ ጠይቄ አመንኩት እኮ» ይሉኛል። ሁልጊዜ ይህን ነው የሚሉት።

ትናንት ማታ ለእናቴ፣ «ነገ ይሸኛሉ፣ በማግሥቱ ከተማውን ይለቃሉ» አልኳት። እሷም፣ «የሐኪሞቹ ወረቀት እንዴት እንደሞተ ይናገራል» አለችኝ። «እኔን የሚያስተኛኝ ግን ወረቀቱ አይደለም። ልጄ ሲሞት ሰው አቅፎት ነበር። ያቀፈው ሰው ከእኔ ተደብቆ ከሄደ እኔ ማንን ላመስግን?»

ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ አልጨረስኩም። እናንተም ዶክተሯን መሐረብ ስጧት።

እንግዲህ ብርጭቆአችሁን አንሡ። ለጋሼ ጤና ይስጥልን። እንቅልፍ ይስጥልን፤ ይህ ክፍል ብዙ ሌሊት ወስዶባቸዋል። የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈው ያሳድጉ። በሄዱበት አገር ስልክ ጮኾ ከምግባቸው አይነሡ። የትም ግቢ ውስጥ ከአገሩ የተነጠቀ አውሬ ሲያገሳ አይስሙ።

እኛ እንጠጣ። እርስዎ ግን ገና አይቅመሱ፣ ጋሼ። እናቴ ጉልበቷ ደረጃ አይወጣላትም፤ ታች መኪና ውስጥ ናት። አዲሱ ሾፌራችን ከቤት ድረስ ሄዶ አምጥቷታል። ሁለት ብርጭቆ ይዘው ይውረዱ፣ አንዱ የእሷ ነው። መስኮቱን ከፍታ እየጠበቀችዎት ነው።