ዶሮ ያላደረበት የዶሮ ቤት

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተክላይ፣ እናንተም የነጋድራሱ ግቢ ባልደረቦቼ፤ አትክልተኛ ሆኖ ገብቶ አስጎብኚ ሆኖ ለሚወጣ ሰው ወንበር ደርድራችሁ፣ ጋቢ ገዝታችሁ ስላከበራችሁኝ አላህ ያክብራችሁ።

“ሃያ ሁለት ዓመት በታማኝነት አገለገሉ” አላችሁ። የቱን ታማኝነት ነው? እስኪ እንየው።

በሩ አጠገብ ያለውን የድንጋይ ቤት ታውቁታላችሁ። “ነጋድራሱ አራዳ ገበያ ውለው ሲመለሱ ብቻቸውን የሚያርፉበት” እያልኩ አስጎብኝቻለሁ። እንግዳው ኮፍያውን አውልቆ ነው የሚገባው። ቤቱ ግን በደርግ ጊዜ የተሠራ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ነው። እኔ ራሴ ለስኳር ተሰልፌበታለሁ።

ሜላት ሥራ ስትጀምር ያንን ወሬ በቃሏ አጠናችው። አሁንማ ከእኔ አሳምራ እንባ ሁሉ ትጨምርበታለች። ሜላትዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ታች፣ ከአትክልቱ ጀርባ ያለችው ክብ የጭቃ ቤትስ? ነጋድራሱ ይህን ባለሰገነት ቤት ከማሠራታቸው በፊት የኖሩባት እሷ ናት። የሟች ባለቤቴ የኡሙሰልማ አያት የነጋድራሱን በቅሎ ይጠብቁ ነበርና፣ ምሰሶው ላይ የተቀረጸውን ሐረግ ሳይቀር አሳይታኛለች። እኔ ግን ጉልበቴን ያመኛል፤ እንግዳ ይዞ ቁልቁለቱን መውረድ ሰለቸኝ። “እሱ የዶሮ ቤት ነው” አልኩና ተገላገልኩ።

“አብዱ፣ ሰው አምኖ ሲሰማህ አትቀልድ” አለችኝ ያኔ ኡሙሰልማ። ሳቅኩባት። የአራዳ ልጅ አይሸወድም ይባላል፤ እኔ ራሴን ሸወድኩ።

አምና ቅርስ የሚመዘግቡ ባለሙያዎች መጡ። ዲግሪ በዲግሪ ላይ። እዚሁ ሰገነት ላይ ተቀምጠው፣

“አባባ፣ ያ ታች ያለው ምንድን ነው?”

“የዶሮ ቤት።”

“ስንት ዶሮ ነበራቸው?”

“መቶ ሃያ።”

ጻፉት። ሃያውን እንኳ አልዘለሉም። ሠላሳ እርምጃ ወርዶ ያየ ግን የለም። ዶሮ ሐረግ በተቀረጸበት ምሰሶ ሥር እንደማታድር ለማወቅ ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል? እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ።

የእኛ ኮሚቴስ? ወረቀቱን አነበበና “ዶሮ ቤቱ ፈርሶ መኪና ይቁምበት” ብሎ ፈረመ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ግሬደሩ ሐሙስ ይመጣል። ኅብረት ሱቁ ግን መስታወት ሊገባለት፣ ባለቀለም መብራት ሊተከልለት ነው። ስኳሩ ብቻ ነው የቀረው።

ይህንን ልናገር ሦስት ጊዜ አቶ ተክላይ ቢሮ ገብቻለሁ። ሦስቴም ስለ ጡረታዬ አውርቼ ወጣሁ። ምን ፈራሁ? ይህቺ ጋቢ እንዳትቀርብኝ? በየሶላቱ ግንባሬ መሬት ሲነካ ያቺ ቤት ትመጣብኛለች። “ጌታዬ፣ ማረኝ” እላለሁ። እሱ ይምረኝ ይሆናል፤ ምሕረት ግን የፈረሰ ግድግዳ አያቆምም።

ስለዚህ በሁላችሁ ፊት እላለሁ፦ ዋሽቻለሁ። አፉ በሉኝ። አቶ ተክላይ፣ እርስዎም ሳያዩ ፈርመዋል፤ ግሬደሩን የሚያስቆም ደብዳቤ ከእርስዎ እጅ ነው የሚወጣው።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁን ይባርክላችሁ። ከእኔ የጠነከረ ጉልበት፣ ከእኔ የታረመ ምላስ ያድላችሁ። ይህንን ግቢ እውነቱን ለሚነግሩት ሰዎች ያቆየው፤ አሚን።

አሁን ኬኩ ይቆየንና አንድ ላይ እንውረድ። የጭቃ ቤቷ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። አቶ ተክላይ፣ ይቅደሙ።