በዜማ የተያዘ ሒሳብ

እግሩ የወለቀ ወንበር ላስጠግን ወደ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በገባሁ ጧት፣ ሳላስበው ከክርክር መካከል ወደቅሁ። ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ መምህር ከግድግዳው ጥግ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ አጠገባቸው ቆማለች። በስተ ውስጥ ቁም ሣጥን ቫርኒሽ የሚቀባው ሠራተኛ የሽማግሌው ልጅ፣ የልጅቷም አባት ነው። ልጅቷ በሒሳብ ደግማ ስለ ወደቀች፣ አባቷ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ እዚያው ብርጭቆ ወረቀት አስይዞ እንጨት ሊያስፍቃት ቆርጧል፤ አያቷም በነገሩ ተስማምተው ይዘዋት መጥተዋል።

ከወለሉ ላይ የጣውላ ቁራጭ እየመረጠች በከረጢት የምታኖር አንዲት ወጣት ነበረች፤ የሽማግሌው የእኅታቸው ልጅ ናት፤ እሷም የአንደኛ ደረጃ መምህርት።

«ማገዶ ለቀማ ወጣሽ እንዴ? ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» አሏት።

«የማስተማሪያ ነው፣ አጎቴ። ተማሪዎቼ ክፍልፋይን በእጃቸው ይዘው በስሙ እንዲጠሩት ነው።»

«እኛ ያለ እንጨት ቃሉን በዜማ አስይዘን ሰው አድርገናል። ይኸው ስሚ።» ወደ ልጅቷ ዞረው በከዘራቸው ወለሉን መታ አደረጉ። «ታህት ምንድን ነው?»

ልጅቷ ቀና ብላ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው፦ «ታህት ማለት በክፍልፋይ ውስጥ ከመስመሩ በታች የሚገኝ፣ አንድ ሙሉ ነገር ለስንት እኩል ቦታ እንደ ተከፈለ የሚያመለክት ቍጥር ነው።»

«አየሽ፣ አንዲት ቃል አልገደፈችም። ትምህርቱን እቤት እያስጠናሁ ሰጥቻታለሁ፤ የጎደላት ጭንቅላት ነው። እሱን እኔ ከየት ላምጣላት?»

ይህ በፊቷ ሲነገር ልጅቷ ፊቷን እንኳ አላጠቆረችም። ስድብን የለመደ ልጅ ከሚያለቅስ ልጅ ይልቅ ያስፈራል፤ የሚያለቅሰው ገና ራሱን ይከራከርለታልና።

መምህርቷ ከረጢቷን አስቀምጣ አንድ ቀጭን ጣውላ አነሣች። «እስቲ ነይ፣ የኔ እመቤት። ይቺን ለአራት ሰው እኩል አካፍይልኝ።»

ልጅቷ አያቷን አየት አደረገች። ከዚያ ከመሬት ሲባጎ አንሥታ በጣውላው ልክ ለካችው፤ ሁለት እጥፍ አደረገችው፤ ደግማም አጠፈችው፤ በእጥፉም ልክ በጠመኔ ምልክት አደረገች።

«ከነዚህ ሦስቱን ለአያትሽ ብንሰጣቸው ምን ያህል ደረሳቸው?»

«ከአራቱ ሦስቱ።»

«አራት ያልሽው ምኑን ነው?»

«ለስንት እንደ ከፈልኩት።»

«ታህት የሚባለው እሱ ነው።»

ልጅቷ ጠመኔውን እንደ ያዘች ጣውላውን ስታይ ቆየች። «ታህት ይሄ ነው?» አለች። ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«በየቀኑ ነግሬሻለሁ እኮ።»

«እሱማ ያስዜሙኝ ነው።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሁን፤ አንዷን ቃል እንዲህ ስንዳስስ ብንውል ግን ዓመቱ ያልቅብናል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ዓመቱን የሚጨርሰውስ አንዱን ክፍል ደጋግሞ ማስተማር ነው፣ አጎቴ። ይቺ ልጅ ማስላት አቅቷት መሰለዎት የወደቀችው? የተጠየቀችው ምን እንደ ሆነ አልገባትም። እኔ በቀን ጥቂት ቃል ብቻ ነው የምሰጠው። መጀመሪያ ነገሩን ይይዙታል፣ ይሥሉታል፤ ከዚያ ስሙን እነግራቸዋለሁ። እያንዳንዱ አጠገቡ ላለው ልጅ በራሱ አነጋገር ያስረዳል። በማግስቱ ቃሉን አስገብተው ጥያቄ ያወጡና እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። የተሳሳተው አይገረፍም፤ እንዴት እንዳሰበ ይናገራል።»

«ይሄማ ገበያ ነው።»

«ገበያ ነው። የእርስዎ ክፍል ጸጥ ያለ ነበር፤ ያልገባው ሰው ምን ይናገራል?»

በዚህ ጊዜ ቀቢው ብሩሹን በቆርቆሮው አፍ ላይ አጋደመ። «በዚያ ጸጥታ ውስጥ እኔም ነበርኩ፣ አባዬ» አለ። «ለልጁ አዳላ እንዳይባል ብለው በሰው ፊት ጣሉኝ። ይሄ አይገባውም አሉ። እኔም አምኜዎት ኖርኩ። ልጄ ስትወድቅ እንኳ በእኔ ወጥታ ነው ብዬ እንጂ፣ ሌላ ነገር አላሰብኩም።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ወደ ጣውላው ጎንበስ አሉ። «ከመስመሩ በላይ ያለው፣ ላዕል የምንለውስ የትኛው ይመስልሻል?» አሏት፤ ወለሉንም አልመቱም።

«የተሰጠዎት ነዋ። ሦስቱ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወደ ትምህርት ቤቷ መልሳት፣ ልጄ። የወደቅሁት እኔ ነኝ።»

«ትመለስ። ግን ሲያስጠኗት ከዘራው ከደጅ ይቅር» አለ ልጃቸው።

ወላጅና መምህር የሆነ ሁሉ ይህን ያስተውል። የሒሳብን ቃል ጨብጦና ተናግሮ የተማረ ልጅ የተጠየቀውን ለይቶ ያውቃል፤ ያልገባውንም «እዚህ ጋ አልገባኝም» ብሎ ያመለክታል፤ ስንፍና ያልሆነውንም ስንፍና ነው ብሎ በራሱ ላይ አይፈርድም። ዜማ ብቻ የተሰጠው ግን የፈተናው ቀን ባዶ እጁን ይቆማል፤ እኛም ባዶ ያደረግነውን እጅ አይተን ሰነፍ እንለዋለን።

መምህርቷና ልጅቷ ከረጢቱን በሁለት ወገን ይዘው ወጡ። ሽማግሌው ግን አልተከተሏቸውም። በልጃቸው ጀርባ ጥቂት ቆመው፣ «አንተንስ በምን ልካስህ፣ ልጄ?» አሉት።

«እኔማ» አለ ሳይዞር፣ «ቫርኒሹ ሳይደርቅብኝ ልጨርስ።»